ፊውዞቹ ኪሴ የዋሉበት ቀን

ባለፈው ቅዳሜ ሚዛን መናኸሪያ ቆሜ የቴፒ መኪና ስጠብቅ፣ አጠገቤ ከአንድ አይሱዙ ላይ ጆንያ ያወርዱ ነበር። ዝናብ ሲወርድበት ያደረ የቡና ጆንያ ነው። የእርጥብ ጆንያና የቡና ገለባ ሽታ አንድ ላይ ሲመጣ እኔ ዝም ማለት አልችልም። "ይሄን ቡና ምን ዓይነት ቤት ውስጥ ነው ያሳደራችሁት?" አልኩ፤ የጠየቀኝ ሰው የለም። አውራጆቹ ቀና ብለው አዩኝና ሥራቸውን ቀጠሉ። ከኋላዬ ግን አንድ ድምፅ፣ "ጋሽ ደምሴ፣ ዛሬም ጆንያ ይቆጣጠራሉ እንዴ?" አለ። ዞር ስል ከድር ነው። ፂሙ ነጭ ሆኗል፣ ሆዱ ትንሽ ቀደም ቀደም ብሏል፣ ቀኝ እጁን ዘርግቶ ይስቃል። ያንን እጅ ጨበጥኩት። የማወራችሁ ስለዚያ እጅ ነው።

እኔ የተማርኩ ሰው አይደለሁም። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ፣ ሚስት ካገባሁ በኋላ ነው። ይሄንንም የምጽፈው ልጄ ደብተር ገዝታ "አባዬ፣ በአፍህ የምታወራውን እንዳለ ጻፈው" ስላለችኝ ነው። የተሳሳተውን ፊደል ታርማለች፤ ነገሩን ግን እንዳትነካብኝ ነግሬያታለሁ። ሥራዬ ኤሌክትሪክ ነበር። ከሚዛን እስከ ቴፒ፣ ከዚያም አልፎ እስከ ማሻና ጌጫ ድረስ፣ ወፍጮ ቤቱን፣ መጋዘኑን፣ የቡና ማጠቢያውን እየዞርኩ ሠርቻለሁ።

ያኔ ሚዛን እንዲህ አልነበረችም። አስፋልት የለም፤ ክረምት ጭቃው ቦቲ ከእግር ያወልቃል፣ በጋ አቧራው የሸሚዝ መልክ ይቀይራል። ሞባይል የሚባል ነገር ወሬውም አልደረሰንም። ከመናኸሪያው ማዶ፣ ልብስ ሰፊዎቹ ከሚቀመጡበት በረንዳ ጥግ ላይ አንዲት ሻይ ቤት ነበረች። ሻይ በሃምሳ ሳንቲም፣ ፓስቲ በሃምሳ ሳንቲም፤ በአንድ ብር ሆድህ ሞቆ ትነሣለህ። የሚፈልገኝ ሰው ሁሉ መልእክት የሚተውልኝ እዚያ ነው። ገበሬው ኮንጎ ጫማ ያደርጋል፣ እኛ የእጅ ሥራ ሰዎች ካኪ ኮት፣ የቢሮ ሰው ደግሞ ትከሻው ስፖንጅ ያለበት ኮት። ፋሽን ነበረ፤ ቀጫጫውም ሰው ሰፊ ይመስል ነበር። አሁን በዚያ ጥግ ላይ ፎቅ ቆሟል፣ መስታወት በመስታወት። ባለፈው ሳልፍ ቆጣሪዎቹን ከደረጃው ሥር፣ ውሃ በሚንጠባጠብበት ቦታ ደርድረዋቸው አየሁ። ለዘበኛው ነገርኩት። "አባቴ፣ ባለቤቱ እዚህ የለም" አለኝ። በሳምንቱ ተመልሼ ነገርኩት። አሁንም እነግረዋለሁ።

ሥራውን ያስተማረኝ ጋሽ ኃይሉ የሚባል ሰው ነው። ቴፒ አካባቢ አንድ የእንጨት መሰንጠቂያ ውስጥ አብረን ሠርተናል። አንድ ጊዜ፣ ክረምቱን ሙሉ ተዘግቶ የከረመ ዋና የመብራት ሳጥን ነበረ። ጋሽ ኃይሉ "አምና ደህና ነበረ" ብሎ ሳይለካ እጀታውን ጫነው። ሳጥኑ ፊቱ ላይ ፈነዳ። ዓይኑ ተረፈ፤ ቀኝ እጁ ግን ሦስት ጣት አጣ፣ የቀሩትም አንታጠፍ አሉ። ከዚያ ወዲህ ሰው ሲያገኝ የሚዘረጋው የእጁን አንጓ ነው፤ እጁ ወጥ የነካው ሰው እንደሚያደርገው። ድግስ ላይ በግራው መብላት ያሳፍረዋል፣ ሚስቱ ታጎርሰዋለች፣ እሱ መሬት መሬት ያያል። ትልቅ ሰው ሲያፍር ማየት ከባድ ነው። ሥራ ሲተው ሜገሩን ሰጠኝና፣ "ደምሴ፣ ይሄ ሳይናገር እጀታ እንዳትነካ። ሌላም ሰው እንዳታስነካ" አለኝ።

ሜገር ለማያውቀው ሰው፣ በጎኑ የሚሽከረከር እጀታ ያለው ትንሽ ሳጥን ነው። መብራቱን ከምንጩ ትቆርጣለህ፤ አንዱን ሽቦ መብራት በሚሄድበት መዳብ ላይ፣ ሌላውን በሳጥኑ ብረት ላይ ታያይዝና ታሽከረክራለህ። መብራቱ ከመንገዱ ወጥቶ ወደ ብረቱ እንዳያመልጥ የሚያግደው ነገር ምን ያህል እንደጠነከረ መርፌዋ ትናገራለች። የኔዋ ላይ ዜሮው ግራ ዳር ነው። መርፌዋ ቀኝ ርቃ ከሄደች ጤና ነው፣ ግራ ከተኛች ያፈሳል። ቁጥሮቹ ደቃቅ ናቸው፤ ዜሮው ሲበዛ እኔ ይምታታብኛል። ስለዚህ መርፌዋን እስላታለሁ። ደብተሬ ላይ ግማሽ ክብ አደርግና፣ የቆመችበትን መስመር በእርሳስ እጎትታለሁ፣ ከሥሩ ቦታውንና ወሩን እጽፋለሁ። የተማሩት ይስቁብኝ ነበር። ሁለቱን ሥዕል ጎን ለጎን ስታስቀምጥ ግን፣ አምና የት እንደነበረች ዘንድሮ የት እንደወረደች ለማየት ዲፕሎማ አያስፈልግም።

እንግዲህ ከሸዋ ቤንች ወደ ውስጥ ገባ ብሎ አንድ እሸት ቡና ማጠቢያ ነበረ። ገበሬው ቀዩን ቡና ያመጣል፣ ማሽኑ ይፈለፍለዋል፣ ይታጠባል፣ ማድረቂያ አልጋ ላይ ይሰጣል። ዋናውን የመብራት ሳጥን ሲተከል የለካሁት እኔ ነኝ፤ ሦስቱም መስመር መርፌያቸው ቀኝ ዳር የቆመ፣ ሥዕሉ ደብተሬ ላይ አለ። በዚያ ዓመት ክረምቱ አልወጣ ብሎ፣ አንድ ትልቅ ዛፍ መስመሩ ላይ ወድቆ፣ ቦታው አንድ ወር ያህል ያለ መብራት ቆየ። ቡናው ደግሞ ቀላ። አንድ ቀን ሻይ ቤቷ ስገባ ወረቀት ጠበቀኝ። "መስመሩ ተጠግኗል። ሜገሩን ይዘው ይድረሱ" ይላል። የጻፈው የማጠቢያው ሥራ አስኪያጅ አቶ ታምራት ነው። ደግ ሰው ነበር፣ ችኩል ነው እንጂ።

በማግስቱ ጠዋት በአይሱዙ ጋቢና ሄድኩ። ሹፌሩ አንድ ካሴት ብቻ ነበረው፤ ስለሚዘገይ ደብዳቤ የሚዘፍን አንድ ዘፋኝ ነው። በየጉድጓዱ ክሩ ይጠመጠማል፤ ሹፌሩ ያቆማል፣ በእስክሪፕቶ አጠንጥኖ ይመልሳል፣ ያ ሰውዬ ደብዳቤውን ከቆመበት መጠበቅ ይቀጥላል። ሦስት ሰዓት ላይ ደረስን። በሩ ላይ ገበሬ ከነቅርጫቱ ተቀምጧል። አቶ ታምራት ትናንት በገበያው አስነግሮ ኖሯል፤ "ነገ ማሽኑ ይነሣል፣ እሸት አምጡ" ብሎ። እኔ ገና ሳልለካ! እሸት ደግሞ አይጠብቅም። በተለቀመበት ቀን ካልተፈለፈለ ይሞቃል፣ ይኮመጥጣል፣ የዓመት ልፋት ነው የሚበላሸው።

ከድር የማሽኑ ኦፕሬተር ነበር። ቤተሰቡ ከጅማ አካባቢ የመጣ፣ ሠላሳዎቹ ውስጥ ያለ፣ ቀልደኛ ሰው። የመብራት ክፍሉ ቁልፍ እሱ ዘንድ ነው። መብራት ሲመጣ የዋናውን ሳጥን እጀታ የሚጭነውም እሱ ነው። በሩን ሲከፍተው ያ ሽታ ወጣ። ክፍሉ እስከ ጣሪያው ጆንያ ነው።

"ይሄ ምንድነው ከድር?"

"ጀንፈል ነው ጋሽ ደምሴ። የሰፈሩ ሰው ነው ያስቀመጠው።"

"መብራት ክፍል ውስጥ?"

"በዚህ ዝናብ ደረቅ ቤት ይሄ ብቻ እኮ ነው። ሲሠራ ይሞቃል። እኔም ጋቢዬን እዚህ ነው የማደርቀው፣ እነ እንትናም በርበሬያቸውን።"

"ሲሠራ። ወሩን ሙሉ ሠርቷል?"

የአገሩ ሰው ቡና እርጥበት እንዳይነካው የማይሄድበት የለም፤ ያቺ ክፍል መብራት ሲኖር እንደ ምድጃ ዳር ሞቃት ናት፣ ቡናውም ይደርቃል፣ ሳጥኑም አይጎዳም። መብራቱ ሲጠፋ ግን ማንም ጆንያውን አላወጣም። ወር ሙሉ ያ ሁሉ ቡና በዝግ ቤት አላበው፤ ላቡ ሳጥኑ ውስጥ ገባ፣ የገለባው ብናኝ ደግሞ ተከትሎት ገብቶ ተለጠፈ።

መጀመሪያ ውጭ ምሰሶው ሥር ካለው ሳጥን ሦስቱን የሸክላ ፊውዞች ነቀልኩና ኮቴ ኪስ ከተትኩ። ያ የጋሽ ኃይሉ ልማድ ነው፤ ፊውዙ ኪስህ ከሆነ መብራቱም ኪስህ ነው። ሞተሮቹን ለያየሁ፣ መብራት አለመኖሩን ፈተሽኩ፣ ለካሁ። ዜሮ! ደነገጥኩ። ለካስ የሳጥኑ በር ላይ ያሉትን ትንንሽ አምፖሎች ሳልነቅል ነው፤ በእነሱ በኩል እየሄደ ነው የሚያታልለኝ። እንዲህ ያለ ስህተት በዚያ ዕድሜ! አምፖሎቹን ነቀልኩና እንደገና አሽከረከርኩ። ሦስቱም መስመር ግራ ተኙ፣ እኩል። ከአሮጌው ሥዕል ጋር አስተያየሁት። ሦስቱ እኩል ከወረዱ አብዛኛውን ጊዜ እርጥበት ነው፤ እርጥበት አያዳላም።

"ይደርቃል" አልኩት አቶ ታምራትን። "ግን ዛሬ ለመሆኑ ቃል አልገባም።"

ጆንያውን ሁሉ አስወጣን። ብናኙን በደረቅ ጨርቅ ጠረግን። ለዘበኛ መብራት የምትሆን አንዲት ትንሽ ጄኔሬተር ነበረች፤ መፈልፈያውን ማዞር አትችልም፣ አምፖል ግን ታበራለች። ትልልቅ አምፖሎች ሳጥኑ ውስጥ ሰቅለን፣ መስኮቱን ከፍተን እንዲሞቅ ተውነው። አምስት ሰዓት ነበር። ስምንት ሰዓት ላይ አጥፍቼ ለካሁ። መርፌዋ ከጠዋቱም ወረደች።

አቶ ታምራት ትከሻዬ ላይ ሆኖ ያይ ነበር። "ወረደ! ጭራሽ አወረዱት እኮ!"

"ሲሞቅ መጀመሪያ ይወርዳል። እርጥብ ጆንያ ፀሐይ ላይ ስታሰጣው አያልበውም? ላቡ እየወጣ ነው።"

"ይህን ያህል ሰው በር ላይ አስቀምጬ ስለ ላብ ነው የሚያወሩኝ?"

"አዎ፣ ስለ ላብ ነው። አምፖሉን አብራው ከድር።"

በሩ ላይ ያለው ሰው በዝቷል። ከሁሉ ፊት የተቀመጠችው እትዬ አስቴር የምትባል ገበሬ ነበረች፤ ጠንካራ ሴት፣ አማርኛን ቀጥ አድርጋ ነው የምትናገረው። ቤቷ ሩቅ ስለሆነ እሸቱን ትናንት ለቅማ፣ በጠዋት ነው ተሸክማ የተነሣችው። ቅርጫቱ ውስጥ እጇን ከተተችና አወጣች። "ሞቀ" አለችኝ። "አንተ ሰውዬ፣ የኔ ቡና እየሞቀ ነው፣ ያንተ ሳጥን እየሞቀ ነው። የትኛው ነው የሚበልጥብህ?" ሰው ሳቀ። ቡናው እውነት ሞቋል።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሳጥኑን እንደገና ለካሁ። የመጀመሪያው መስመር፣ መርፌዋ ወደ ቀኝ ተነሣች፣ አሮጌው ሥዕል ጋ ልትደርስ ምንም አልቀራት። ሁለተኛውም እንደዚያው። አቶ ታምራት ፈገግ አለ። ሦስተኛውን አሽከረከርኩ። ትንሽ ነቅነቅ አለችና፣ አንድ የሚለውን ምልክት አልፋ ቆመች። እዚያው። ደቂቃ ሙሉ አሽከረከርኩ፣ ክንዴ ዛለ፣ ፍንክች አላለችም።

"አንድ ካለፈ ይበቃል ተብሏል" አለ አቶ ታምራት። "ወረቀቱ ቢሮዬ አለ። አልፏል። ይጫን።"

"ወረቀቱ እርጥብ ነበረ ይላል? ሦስቱ ጠዋት እኩል ነበሩ። እኩል ደረቁ። ሁለቱ ዳኑ፣ ይሄ ቀረ። ሦስት ሰው ዝናብ መትቷቸው ሁለቱ እሳት ዳር ሞቀው ሲነሡ ሦስተኛው ቢንቀጠቀጥ፣ እሱ የያዘው ብርድ ብቻ አይደለም። በሽታ አለበት። ሳጥኑ ይፈታና ይታያል።"

"ሲፈታ እኮ ይመሻል! አንተ ሰውዬ፣ ፊውዙን አምጣ!" ከእርስዎ ወደ አንተ የወረደው እዚህ ላይ ነው።

"አላመጣም።"

ከድር የሳጥኑ ፊት ቆሟል። ቀኝ እጁን እጀታው ላይ አሳርፎታል፤ ሳያስበው ነው፣ በየቀኑ የሚያሳርፍበት ስለሆነ። "ጋሽ ደምሴ፣ እኔ አልፈራም። ያምጡትና ልጫነው። ሰዉ እኮ አለቀ" አለኝ። እጁን አየሁት። ሙሉ እጅ፣ አምስት ጣት። ጋሽ ኃይሉ መሬት መሬት ሲያይ ታየኝ።

"አንተ አለመፍራትህን አልጠየቅኩህም። እጅህን ከዚያ ላይ አንሣ" ብዬ ጮኽኩበት። ወጥቼ በሩ ላይ፣ ገበሬዎቹ መሐል ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። አቶ ታምራት ሁለተኛ በዚህ አካባቢ ሥራ እንደማላገኝ ነገረኝ። አንዱ ጎልማሳ ኪሴን ሊፈትሽ ተነሣ፤ ሜገሩን ጭኔ ላይ አድርጌ አፍጥጬ ሳየው ተመልሶ ተቀመጠ። መፍትሔውን ያመጣው ራሱ ከድር ነው። ዛሬ የተለቀመው ከወንዝ በሚመጣው ቀዝቃዛ ውሃ ገንዳ ውስጥ ቢነከር እስከ ጠዋት ይቆያል አለ። እውነቱን ነው፣ ይቆያል። የትናንቱ ግን አይቆይም። የእትዬ አስቴር እሸት እንዳለ አልጋ ላይ ተሰጣ፤ ከነገለባው ደርቆ ጀንፈል ሊሆን፣ በግማሽ ዋጋ ሊሸጥ። ቅርጫቷን ገልብጣ አራገፈችና ጀርባዋን ሰጠችኝ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ፊውዞቹ ከኪሴ ሳይወጡ፣ ኮቴንም ሳላወልቅ እዚያው ተኛሁ።

ጎህ ሲቀድ ከድርና እኔ ሦስተኛውን መስመር ፈታነው። መዳቡን ከሳጥኑ ብረት አርቆ የሚይዘው ጡጫ የሚያህል ቡናማ መደገፊያ አለ። ከፊት ሲታይ ምንም አልሆነም። አውጥቼ ባዞርኩት ጊዜ ከጀርባው ተሰንጥቋል፤ ስንጥቁ ውስጥ የቡና ገለባ ገብቶ ተጠቅጥቋል፣ በገለባው ላይ ደግሞ ከመዳቡ እስከ ብረቱ ድረስ እንደ እርሳስ ጭረት የቀጠነ ጥቁር መስመር ተስሏል። የተቃጠለ መንገድ ነው። መብራቱ ሾልኮ ለመውጣት ከድሮ ጀምሮ ሲጠርገው የኖረ መንገድ፤ ሊጨርሰው ጣት የማታህል ቀርታዋለች። መደገፊያው የነበረበት ቦታ ከእጀታው ትክክል ጀርባ ነው።

ከድር ተቀብሎኝ አገላብጦ አየው። በጣቱ ጥቁሩን መስመር ተከተለው። ከዚያ የራሱን መዳፍ ዘርግቶ አየ። "ጆንያውን ያስገባሁት እኔ ነኝ" አለ በመጨረሻ።

"ስንጥቁን አንተ አላስገባኸውም። ገለባውን ነው" አልኩት። ሌላ የሚያጽናና ነገር አላውቅም፤ እውነቱም ያ ነው።

ከሳጥኑ ሥራ ፈት ጎን አንድ ደህና መደገፊያ ፈትቼ ተካሁት። ለካሁ። ሦስቱም ቀኝ፣ እኩል። ደብተሬ ላይ ሦስት ግማሽ ክብ አድርጌ ሦስት መስመር ጎተትኩ፤ አንዷ ተጣማለች፣ ዛሬም እንደተጣመመች አለች። ሞተሮቹን አያይዤ፣ አምፖሎቹንና ፊውዞቹን መለስኩ። ከድርን ከሳጥኑ ፊት ገለል ብሎ በጎን እንዲቆም፣ ፊቱን እንዲያዞር አደረግኩት። "ጫን" አልኩት። ጫነ። ድው አለ፣ ያ ብቻ ነው። የሳጥኑ በር ላይ አምፖሎቹ በሩ፣ መፈልፈያው ተነሣ፣ ከገንዳው የወጣው እሸት እየተንሿሿ ገባ። አቶ ታምራት ሮጦ መጣና የተሰነጠቀውን መደገፊያ አየው። ይቅርታ አልጠየቀኝም። "ሻይ ጠጥተዋል?" አለኝ። ወደ እርስዎ ተመለስኩ።

እትዬ አስቴር ግን አልሄደችም ነበር። መደገፊያውን ወስጄ አሳየኋት። ወደ ብርሃን አድርጋ አየችው። "ለዚህች ስንጥቅ ነው የኔ ቡና አልጋ ላይ የቀረው?"

"ለስንጥቋ አይደለም። ለሱ እጅ ነው" አልኳት፣ ከድርን እያሳየኋት።

ከድርን ከላይ እስከ ታች አየችው። "በል እጅህን አሳየኝ" አለችው። አሳያት። አገላበጠችው፣ ገበያ ላይ ዶሮ እንደሚመዘን። "ደህና እጅ ነው። በኔ ቡና ነው የተገዛው። እንግዲያው ይሥራልኛ!" ከድር ያን ቡና እስኪደርቅ በየቀኑ አገላበጠላት፣ ደርቆ ጆንያ ሲገባ እስከ ቤቷ ተሸከመላት። እኔን ግን ሁለት ዓመት ገበያ ላይ ስታገኘኝ ሰላም አላለችኝም። መብቷ ነው። አልቀየምኳትም።

ያ ሜገር አሁን አልጋዬ ሥር አለ። ልጄ ሽጠው ትለኛለች፤ አሁን በቁጥር የሚናገር አለ፣ ማሽከርከርም የለውም ትለኛለች። ጥሩ ነው። ቁጥሩን ብቻ አይተው "አልፏል" እንዳይሉ ነው የምፈራው።

እና ቅዳሜ ዕለት ሚዛን መናኸሪያ የከድርን እጅ ይዤ ቆምኩ። ሻካራ ነው፣ ሙቅ ነው፣ አምስቱም ጣት ይጨብጣሉ። ሰው ይጋፋናል፣ የቴፒው ረዳት ይጮኻል፣ እኔ አልለቀቅኩም። ከድር ሳቀ።

"ጋሽ ደምሴ፣ እየለኩኝ ነው እንዴ?"

"አዎ።"

"እና ስንት አልኩ?"

"ቀኝ ዳር ነህ" አልኩት።

ለቀቅኩት። ያንን እጁን ወደ ቦርሳዬ ሰደደ፤ ተው ስለው እምቢ ብሎ፣ አንሥቶ መኪናው ላይ ሰቀለልኝ።